ዘፈን የማይዘል ሰው

ባለፈው ወር፣ ድሬዳዋ ቤቴ ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የሶማሌላንድ ነበር። ከሀርጌሳ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ የምትደውልልኝ ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ የድሮ አከራያችን ኤዶ ኻድራ። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ኤዶ ሰላምታ ከጀመረች የኔን፣ የልጆቼን፣ የጎረቤቶቼን፣ የዝናቡን ደህንነት ጠይቃ ካልጨረሰች ወደ ጉዳይዋ አትገባም። ያን ቀን ግን አንዱንም አልጠየቀችኝም።

"ሠናይት፣ ደምሴ ሞተ" አለችኝ። "አዲስ አበባ፣ እህቱ ቤት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። እኔ እዚህ የማለቅሰው ለብቻዬ ነው፤ የሚያውቀው ሰው የለም። አንቺ እዚያ አልቅሺለት።"

አለቀስኩለት። ሌላ ነገር ማድረግ ስላልቻልኩ ደግሞ ይኸው ስለሱ እጽፋለሁ።

ጋሽ ደምሴ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነበር። ሀርጌሳ ከፍርስራሿ እየተነሳች በነበረችባቸው ዓመታት አየር መንገዱ እዚያ መደበው። እኔ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የሎጂስቲክስ ሠራተኛ ነበርኩ። ሁለታችንም መሐመድ ሞጌ ሰፈር የኤዶ ኻድራ ግቢ ውስጥ አንዳንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ግቢው በጦርነቱ የፈረሰ ነው። ኤዶ ከስደት ስትመለስ ያገኘችው ግድግዳ ብቻ ነበር፤ በየጊዜው አንድ ክፍል እየከደነች፣ ያንን እያከራየች፣ በኪራዩ ሌላውን ትከድናለች። እኛ በነበርንበት ጊዜ ግማሹ ግቢ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ግማሹ ደግሞ ሰማይ እያየ ተራውን ይጠብቃል።

ዕድሜውን ሁሉ ሞተር አጠገብ ቆሞ ስለኖረ የጋሽ ደምሴ ግራ ጆሮ ደክሞ ነበር። ሰው ሲያናግረው ቀኙን ያዘነብላል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ምስጢር እንዲነግረው የተጠየቀ ይመስለውና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ ጋሽ ደምሴ ጭራሽ አይሰማም። በቀሪው ጆሮው ግን ይኮራ ነበር። አንድ ቀን ከአየር ማረፊያው ስንመለስ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ አስቆመና "ከስር የሚጮህ ነገር አለ፣ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው" ብሎ ሾፌሩን አስወረደው። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፣ ፀሐይ ላይ ቆምን። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ስር የታሰረች የአንዲት ሴትዮ ግልገል አንገቷን ብቅ አድርጋ ጮኸች። ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ደጋግሞ የሚያወራው ራሱ ነበር፤ ሲያወራውም እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

የሱ ትልቁ ነገር ግን ሙዚቃ ነው። የአየር መንገድ ሰው ነውና አብራሪዎችና ሆስተሶች ከየሄዱበት ሲዲ ያመጡለታል። እንዲያመጡለት የሚጠይቀው ደግሞ የታወቀ ዘፋኝ አይደለም። "ሰፈሩ እንጂ ዓለም የማያውቀው፣ ትልቅ ኩባንያ ያልያዘው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀረጸ ሰው ካለ እሱን" ይላቸዋል። አንዲት ሴትዮ ወጥ ቤቷ ውስጥ ጊታር ይዛ የምታንጎራጉርበት አልበም ነበረው፤ ወንበሯ ሲጢጥ ሲል ይሰማል። ጋሽ ደምሴ ከዘፈኑ ይልቅ ወንበሩን ይወድ ነበር ብል አልዋሸሁም። "ትልቅ ኩባንያ ቢሆን ይቺን ያጠፋት ነበር" ይላል፣ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ እያስቀመጠ። ቆቡን ካወለቀ ደስ ብሎታል ማለት ነው። የገጠር አባትና ልጅ ማሲንቆ በመሰለ ነገር የሚመላለሱበት፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አንዱ በፒያኖ የሚያጅብበት፣ ጨርሶ ዘፈንም ምትም የሌለው፣ እንደ ጭጋግ ዝም ብሎ የሚሄድ ድምፅ ብቻ ያለበት፤ ሁሉም ነበረው።

ሐሙስ ከሰዓት ከተማው ፀጥ ይላል። ወንዱ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ የሰፈሩ ጀኔሬተር እስኪመሽ አይነሳም። ያኔ ጋሽ ደምሴ ማጫወቻውን ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኝና እኔንና ጀማልን ይጠራናል። ጀማል የደሴ ልጅ ነው፤ ጋአን ሊባህ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል። የማዳመጡ ሕግ ከባድ ነበር። አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል። ማውራት የለም፣ መዝለል የለም። "ዘፈን መዝለል ሰው እያወራ ማቋረጥ ነው" ይላል። ሲያልቅ "ማን ምን ሰማ?" ብሎ ይጠይቃል። "ደስ ይላል" ማለት አይፈቀድም፤ የሰማነውን አንድ ነገር መናገር አለብን።

እኔ የሠርግ ዘፈን የምወድ ሰው ነኝ። ትከሻዬ ካልተነቀነቀ ሙዚቃ የሰማሁ አይመስለኝም። "ጋሽዬ፣ ይሄ ሙዚቃ ከሆነ የቢሮአችን ፍሪጅም ድምፃዊ ነው" አልኩት አንድ ሐሙስ። አልተቆጣም። የሚቀጥለው ሳምንት ቢሮዬ ድረስ መጣ፣ ፍሪጁ አጠገብ ቀኝ ጆሮውን አዘንብሎ ቆመ፣ ከዚያ "አልተሳሳትሽም፣ ግን አልበም ለማውጣት ይቀረዋል" ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት አይቻልም፤ እኔም ሐሙስን መጠበቅ ለመድኩ።

ኤዶ ኻድራ ከእኛ ጋር አታዳምጥም ነበር። በስደት ጅጅጋ ገበያ ውስጥ የተማረችው አማርኛ ጥሩ ነው፤ ወጥ ቤቷ ሆና ስናወራ ትሰማለች፣ ስንሳሳት ታርማለች፣ ሙዚቃው ሲጀመር ግን ሥራዋን ትሠራለች። በዚያ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ስለሷ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። የተረፈች አንድ ልጅ አለቻት፤ ሂቦ ትባላለች። በስደቱ ጊዜ አክስቷ ወደ ሰሜን አውሮፓ ወስዳ አሳደገቻት፤ እዚያው አገባች። ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባት አሁን ሦስተኛውን ይዛለች። በሶማሌ ወግ አራስ አርባ ቀን ከቤት አትወጣም፤ እናቷ አጠገቧ ሆና ታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ ልጁን ትይዝላታለች። ሂቦ "እማዬ፣ ነይልኝ" እያለች በየሳምንቱ ትደውላለች። ቪዛው ተገኝቷል፣ ቲኬቱን አማቿ ይልካል። ኤዶ ግን "ቤቱን ልጨርስና" ትላለች። ሰው "ከልጇ ድንጋይ በለጠባት" ብሎ አማት። እኔም በሆዴ አምቻታለሁ።

አሁን ሳስበው ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። አውሮፕላኑ በሚመጣባቸው ቀናት ኤዶ ሙቀጫዋን ታወጣለች። ሄል ይሁን በርበሬ፣ ያገኘችውን ትወቅጣለች፤ ግቢው እስኪናወጥ ትወቅጣለች። አንዳንዴ ባዶ ሙቀጫ ስትወቅጥ አይቻታለሁ። የሴትዮዋ ጠባይ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ሐሙስ ጋሽ ደምሴ ከዱባይ ያስመጣቸውን ትልልቅ ስፒከሮች ተከለ። ሲዲውም አዲስ ነበር፤ አንድ የብርድ አገር ሰውዬ ብቻውን በአሮጌ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የቀረጸው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ድምፅ። ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር ከስር ይጀምርና ቀስ እያለ ይወፍራል፣ ይቀርባል። ደረቴ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ጋሽ ደምሴ ቆቡን አውልቋል፤ ጀማል ዓይኑን ጨፍኗል። መሀል ላይ የተቃጠለ ወተት ሸተተኝና ሕጉን ጥሼ ተነሳሁ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ኤዶ የለችም። ጠራኋት። በየክፍሉ ፈለግኋት። በመጨረሻ ያገኘኋት በርከዱ ውስጥ ነው። በርከድ ከመሬት በታች የተሠራ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ የኛው ገና አዲስ ተለስኖ ባዶ ነበር። ኤዶ ታች ወርዳ፣ ጥጉ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ ጭልፋውን እንደያዘች ተቀምጣለች።

"ኤዶ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ሄደ?" አለችኝ።

"ማን ነው የሚሄደው?"

"ደዩራዱ። አውሮፕላኑ።"

"ኤዶዬ፣ አውሮፕላን የለም። የጋሽ ደምሴ ሙዚቃ ነው።"

ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና መሰላሉን ይዛ ወጣች። "ሲሚንቶው ተሰንጥቆ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው የገባሁት" ብላ ወደ ወተቷ ሄደች። ዞር ስል ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ ቆሟል፤ ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ክፍሉ ገብቶ ሙዚቃውን አጠፋው። አልበም መሀል ላይ ሲያቋርጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ወጥ ቤቱ በር ላይ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ይቅርታ ጠየቃት። ኤዶ ሻዩን ቀዳችለት፣ ለኔም ቀዳችልኝ፣ ከዚያ ሳንጠይቃት ነገረችን።

"በጦርነቱ የገዛ መንግሥታችን አውሮፕላኖች ከዚሁ ከኛ ሜዳ ነበር የሚነሱት" አለች። "ከሌላ አገር አልመጡም። ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ቦምብ ይጥሉብናል፣ ተመልሰው እዚሁ ያርፋሉ። ባሌንና ትልቁን ልጄን ያወጣናቸው ከዚያ ክፍል ነው።" ጣሪያ ወዳልለበሰው ክፍል በአገጯ ጠቆመችን። "ሂቦን አንዴ እያዘልኩ፣ አንዴ እያስኬድኩ ወደናንተ አገር በእግሬ ሄድኩ። ሰው ሁሉ 'ከድንጋይና ከልጅሽ ማን ይበልጣል' ይለኛል። ወላሂ፣ ከዚያ ነገር ሆድ ውስጥ ከምገባ ድንጋይ ብሸከም ይሻለኛል።"

"ለሂቦ ነግረሻታል?" አልኳት።

"ምን ብዬ? እናትሽ ድምፅ ትፈራለች ብዬ? ሆድ ይፍጀው።"

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሽ ደምሴ አላጽናናትም። ሻዩን ጨርሶ፣ ስኒውን አስቀምጦ፣ እንደ ሥራ ጉዳይ አድርጎ ተናገረ።

"እኛ ሞተር ስንሞክር ባንዴ ሙሉ ኃይል አንሰጠውም" አላት። "ከዝቅተኛው እንጀምራለን። ካልጣመን እናጠፋዋለን። ሐሙስ ነይ፤ የድምፁን ቁልፍ አንቺ ትይዣለሽ።"

"አብደሃል፣ ደምሴ።"

"ሊሆን ይችላል። ግን ቁልፉ ያንቺ ነው፤ እኛ አንነካውም።"

ሁለት ሐሙስ አልመጣችም። በሦስተኛው የራሷን ምንጣፍ ይዛ ከች አለች። መጀመሪያ ያነሳችው ጥያቄ ሙዚቃ ሐራም መሆን አለመሆኑን ነበር። ጀማል በቁም ነገር አሰበበትና "ኤዶ፣ ከበሮ የለው፣ ዘፋኝ የለው፣ ጭፈራ የለው፤ ይሄ የሚከብደው ለሠናይት ብቻ ነው" አላት። ያንኑ የኦርጋን አልበም ጋሽ ደምሴ ከፈተው። ኤዶ ቁልፉን ይዛ ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችው፤ በመጨረሻ ማንም ምንም አልሰማም። አራታችንም ዝም ያለ ስፒከር እያየን እስኪያልቅ ተቀመጥን። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጀማል በክርኑ ነካኝ። ሲያልቅ ጋሽ ደምሴ "ዛሬ ጥሩ አዳመጥን" አለ።

እንዲህ ተጀመረ። በየሐሙሱ ቁልፏን አንድ ጥፍር ያህል ታዞራታለች። አንዳንዴ ትመልሳታለች። አንዳንዴ ድርግም አድርጋ አጥፍታ ትወጣለች፤ ማንም "ለምን?" አይላትም። ጀማል "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ ሲያበረታታት "እንቁላል ማን አደረገኝ" ብላ ትቆጣለች። ድምፁ ከፍ እያለ ሲመጣ እሷ ስለ ኦርጋኑ ሰውዬ መጠየቅ ጀመረች። ብቻውን ነው የሚኖረው? ሚስት የለውም? በዚያ ብርድ ማን ያበስልለታል? ጋሽ ደምሴ ስለ ሰውዬው አንድም ነገር አያውቅም፤ ግን "እኅት አለችው፣ ትጠይቀዋለች" ብሎ መለሰላት። ዋሽቶ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ኤዶም ከዚያ በኋላ በሰላም አዳመጠች።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ድምፁ በመጀመሪያው ቀን ከነበረበት ደረሰ። ኤዶ ጭልፋ ሳትይዝ፣ ሻሿን ሳትጎትት ሰማችው። ጋሽ ደምሴ በደስታ ቆቡን የት እንዳስቀመጠ ጠፋበት። በማግስቱ ታክሲ ጠርቶ አየር ማረፊያ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። አውሮፕላኑ አርፎ ቆሟል። አጥሩ ጋ ቆመን እያየን ፕሮፔለሮቹ መዞር ጀመሩ። ኤዶ ታክሲው ውስጥ ተመልሳ ገብታ በሮቹን ሁሉ ቆለፈች። ጋሽ ደምሴ መስታወቱን አንኳኳ፤ ትንሽ ዝቅ አደረገችው።

"የዚህኛው ቁልፍ በማን እጅ ነው?" አለችው።

ታክሲውን ወደ ቤት አስመለሰ። ያን ቀን ጋሽ ደምሴ እራት አልበላም፤ ሳህኑን እንደሸፈንኩት መለሰልኝ። ሂቦ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ እንዳልቀረን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

"ድምፁን አለማመድኳት" አለኝ በነጋታው። "ቀጥሎ የሚመጣውን ግን አልነገርኳትም። አልበም እኮ ሁለተኛ ስትሰሚው የማያስደነግጥሽ ቀጥሎ ያለውን ስለምታውቂው ነው።"

በዚያው ሳምንት ለእረፍት አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ በካሴት የተቀረጸ ነገር ይዞ መጣ። ትንሽ መቅረጫ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ከሀርጌሳ አዲስ አበባ ያለውን ጉዞ ከደረጃው ጀምሮ ጎማው መሬት እስኪነካ፣ ካሴቱን መሀል ላይ ገልብጦ፣ ሁሉንም ቀርጾታል። "አዲስ አልበም መጥቷል" ብሎ ለሐሙስ ጠራን። ሕጉ ያው ነው፤ መዝለል የለም፣ ማውራት የለም። ቁልፉ በኤዶ እጅ ነው።

እንዲህ ያለ አሰልቺ አልበም በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲህ ልቤ ተሰቅሎ ያዳመጥኩትም የለም። በር ይዘጋል። ሆስተሷ ትናገራለች። አንዱ ሞተር ይነሳል፣ ሁለተኛው ይነሳል፤ ኤዶ ቁልፉን ዝቅ ታደርጋለች። ሊነሳ ሲያጓራ ጀማል በለሆሳስ "ቢስሚላህ" አለ፤ ጋሽ ደምሴ ስለዚህ አልተቆጣውም። አንድ ነገር ከስር ጓ ይላል። አንድ ነገር ያፏጫል። ብርጭቆ ይንኳኳል። አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ ረጅም፣ ወጥ የሆነ ጉርምርምታ፤ እውነቴን ነው፣ ከኦርጋኑ ሰውዬ ጋር ልዩነት አልነበረውም። ሲያልቅ "ማን ምን ሰማ?" አለ። ኤዶ ላብዋን ጠርጋ "ይቺን ልጅ እናቷ ለምን አታጠባትም?" አለች።

ከዚያ እያንዳንዱን ነገራት። ጓ ያለው ጎማው ተጣጥፎ ሲገባ ነው። ያፏጨው ከክንፉ የሚወጣው ተጣጣፊ ክፍል ወደ ቦታው ሲመለስ ነው። እዚህ ላይ ድምፁ ባንዴ ዝቅ ሲል የወደቀ ይመስላል፤ ግን አብራሪው ኃይሉን ቀንሶ ነው፣ ሁልጊዜ ይቀንሳል። ኤዶ እንደ ግጥም አጠናችው። አራት ሐሙስ ያንኑ አልበም ሰማን። በመጨረሻው ቁልፉን አልነካችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከየድምፁ በፊት እየቀደመች ትነግረን ነበር። "አሁን ጎማው ይገባል። አሁን ዝቅ ይላል። አሁን ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እናቷም ዝም ትላታለች።"

የዓመት እረፍቴን ከሷ ጉዞ ጋር አገጣጠምኩ። እኔ አዲስ አበባ ድረስ እሸኛታለሁ፤ ከዚያ ዘመዷ ይቀበላታል። ጋሽ ደምሴ በዚያ ቀን ሥራ ላይ ነበር። ቱታውን እንደለበሰ ደረጃው ድረስ መጥቶ ክንዷን ይዞ አሳፈራት፤ አንድም የምክር ቃል አልተናገራትም። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ኤዶ ናት፤ ቲኬቱ እንደዚያ ሆኖ ነው እንጂ ማንም አላሰበበትም።

በሩ ተዘጋ። ኤዶ ዓይኗን ጨፍና እጄን ያዘች፤ ጣቶቼ አሁንም ያስታውሱታል። አንደኛው ሞተር፣ ሁለተኛው ሞተር። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎትም ይሁን የካሴቱ ተራ አላወቅኩም። ተነሳን። "ጎማው" አለች፤ ጎማው ጓ አለ። እጄን ለቀቀችው። ዓይኗን ገለጠችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

አውሮፕላኗ ከተማው ላይ ዘንበል ብላ ዞረች። ከታች ነጫጭ ቆርቆሮዎች ይታያሉ፣ ጣሪያ የሌላቸው ክፍሎች ይታያሉ፣ አህያ የሚጎትተው የውሃ ጋሪ ይታያል። ግቢ ውስጥ ልብስ የምታሰጣ አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችን፤ የሻሿ ቀለም ሳይቀር ይለያል፣ ብርቱካናማ ነው። ኤዶ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

"ሰው ይታያል" አለች።

"አዎ ኤዶ" አልኳት፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

"እስከዛሬ ቦምብ ለሚጥሉብን አብራሪዎች አንታያቸውም ነበር ብዬ ነው የምኖረው። ሩቅ ነው፣ ከላይ ቤት ብቻ ነው የሚታየው፤ ሰው መኖሩን ቢያዩ አይጥሉም ነበር ብዬ።" ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "ያዩን ነበር ማለት ነው።"

ሆስተሷ መጥታ ፀሐይ እንዳይነካት መጋረጃውን ዝቅ ልታደርግላት እጇን ዘረጋች። ኤዶ "ተይው" አለቻት። ደመና እስኪሸፍነው ድረስ ከዚያ መስኮት አልተነሳችም።

ከእረፍት ስመለስ ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ምን አለች?" ብሎ ነው። ፈርታ ነበር ወይ አላለም። ነገርኩት። ቀኝ ጆሮውን አዘንብሎ ሰማኝ፤ ከጨረስኩም በኋላ ጭንቅላቱን አላቃናም።

"እንደሚታይ አውቅ ነበር" አለኝ። "ካሴቱን ስቀርጽ በዚያች መስኮት በኩል ስመለከት ነበር። ብነግራት አትሄድም። ሳልነግራት ብትሄድ ታየዋለች። ሁለቱንም አስቤ ዝም አልኩ።"

ከዚያ በኋላ የኤዶን መመለስ እንደ ፈተና ቀን ነበር የጠበቀው። ሂቦ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ደስታችን ሌላ ነበር፤ ጀማል በግ አርዶ ጎረቤቱን ሁሉ ጋበዘ። ጋሽ ደምሴም በላ፣ መረቀ፤ ግን በየቀኑ እየከሳ ሄደ። ሐሙስ ሐሙስ አልበም ያጫውታል፣ ቆቡ ግን ከራሱ አይወርድም። እኔም ጀማልም "ደግ ነው ያደረግከው" ብለነዋል። "እሱን እሷ ትበል" ይለናል።

አርባው ወጥቶ፣ ሌላ ወርም ተጨምሮ ኤዶ በአውሮፕላን ተመለሰች። ልንቀበላት ሄድን። ጋሽ ደምሴ ደረጃው ስር ቆመ። ኤዶ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ዝግ እያለች ወረደች፤ የመጨረሻው እርከን ላይ ስትደርስ ቆመች። ከሱ ከፍ ብላ፣ ዓይን ለዓይን።

"ታውቅ ነበር?" አለችው።

"አውቅ ነበር።"

ሌላው ተሳፋሪ በጎናቸው እየተጋፋ ያልፋል። ኤዶ አየችው፤ እኔ መሬት መሬት ማየት እስክጀምር ድረስ አየችው። ጥሩ አደረግህም አላለችው፣ ክፉ አደረግህም አላለችው። ሻንጣዋን ሰጠችው። ከባድ ነበር፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ ተሸከመላት። እሷ ባዶ እጇን ከፊት ሄደች፣ እሱም ከኋላዋ።